ብርሌ ከነቃ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ያሉት አበው የኤሌክትሪክ ምድጃ አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ተረቱን ትንሽ ለዘብ ያደርጉት ነበር። የነቃውን ብርሌ ጨርሶ መሰባበር፣ ስባሪውን አጥቦ ማድረቅ፣ እሳት በማይበላው ጡብ ላይ መደርደር፣ ከዚያ ምድጃውን ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረስ ነው። ሹል ጠርዙ መጀመሪያ ይዶለዱማል፤ ቀጥሎ ስባሪው እንደ ማር ይለሰልስና አጠገቡ ካለው ጋር ይያያዛል። ዕቃ አይሆንም፣ እውነት ነው፤ ጌጥ ግን ይሆናል። የእኔም እንጀራ እዚያች ጌጥ ላይ ነው።

ከወይን ጠጅና ከቢራ ጠርሙስ ስባሪ ፈርጥ አቀልጣለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ከሚተርፈው ቁርጥራጭና ካረጀ ቀሚስ ጥለት ገመድ እጎነጉናለሁ፤ ሁለቱን አገናኝቼ ሐብል አደርጋለሁ። ጠርሙስና ጨርቅ መቼም አይዋደዱም። አንዱ የሚቀልጥበት ሙቀት ሌላውን አመድ ስለሚያደርገው የሚጋቡት ምድጃው ከበረደ በኋላ ነው። ጠርሙስና ጠርሙስ እንኳ ሁልጊዜ አይስማሙም። ቡናማውና አረንጓዴው አንድ ላይ ቀልጠው ጠዋት እንደ አንድ አካል ይወጣሉ፤ ውለው አድረው ማንም ሳይነካቸው ጠረጴዛ ላይ «ቀጭ» ይላሉ። መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጠው፣ ሲበርድም የሚኮማተረው በየራሱ ልክ ነው፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ካልተከተለው መሃላቸው መጓተት ይቀራል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ ውጭ አገር የሚመረተው መስታወት የሚለጠጥበትን ልክ የሚናገር 90 ወይም 96 የሚል መለያ ስላለው፣ 90ን ከ90 ጋር አቅልጦ በሰላም መተኛት ይቻላል። የእኔ ጠርሙስ የሚመጣው ግን ከቆራሌ ነው፤ ቆራሌ የሚነግረኝ ቁጥር ዋጋውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ፈርጥ ከአንዱ ጠርሙስ ብቻ እሠራለሁ። ሙቀቱ ወርዶ 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ እዚያው ቆይቶ ቀስ እያለ መብረድ አለበት። በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ፣ ትንሿ ምድጃዬ ሙቀት አትይዝምና አበው ትክክል ይሆናሉ።

ባዛር ላይ የሚጠብቀኝ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሐበሻውም ፈረንጁም ሐብሉን አንስቶ፣ አገላብጦ፣ «ባህላዊ ነው?» ይለኛል። ከጎኔ ያለችው ሻጭ በዕቃዋ ሁሉ ላይ «ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ» የሚል ወረቀት አንጠልጥላለች፤ የፕላስቲኩም አልቀረ። እኔም የሚንጠለጠል ወረቀት አማረኝና የሐብሌን ዘር ማንዘር መቁጠር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ጎረቤቴን እማማን ነው። ፈርጡን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጨሌ ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር በክር የተሰካ ባለቀለም መስታወት ለአንገት ብቻ አልነበረም። ባለውቃቢዋ ሙዳይ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ቀኑ ሲደርስ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ቅቤ ተቀብቶ ይወጣል። ቄስ ወይም ፓስተር የደረሰበት ጨሌ መጨረሻው ገደል ነው። በዚያ ላይ እኔ የሰካሁት በጨርቅ ገመድ ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ደግሞ ለእማማ ማተብ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ እንኳ የማያስቀምጧቸውን ሁለት ነገሮች አንድ አንገት ላይ አገኟቸው። ይህን ወረቀት ላይ ብጽፈው ማን ይገዛኛል?

ከእማማ ዘመን ወደ ኋላ ሄድኩ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ለቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ጽፏል፤ «ፔሪፕለስ» ይባላል። አዱሊስ ወደብ ላይ ምን እንደሚሸጥ ሲዘረዝር በግብፅ የተሠራ ልብስ፣ ከአርሲኖይ የመጣ መጎናጸፊያ፣ ባለቀለም ካባ ይልና ወዲያው ልዩ ልዩ መስታወት፣ በዲዮስፖሊስ እንደሚሠራው ያለ ዝንጉርጉር መስታወት ይጨምራል። ጨርቅና መስታወት፣ ጎን ለጎን! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ዝርዝሩ ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ዝርዝር ነው። የምንልከው የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ነበር። ያጽናናኝ የመዳቡ ነገር ነው። መዳቡ ለማብሰያ ይገባል፤ ግን ለሴቶች አንባርና አልቦም እየተቆረጠ ይውላል ይላል ጸሐፊው። ለድስት የመጣውን እጃቸው ላይ ያጠለቁት እነዚያ ሴቶች የሙያ እናቶቼ ናቸው። የአገሩን ንጉሥ ዞስካሌስን ደግሞ የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ፣ ገንዘብ ላይ ግን ጥብቅ ሰው ነው ይለዋል። ድስት ያጡት ባሎቻቸው ወቀሳ ቤተ መንግሥት ደርሶ እንደሁ ግን አልጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ያለውም ቢሆን አላሳረፈኝም። ቬኒስ እሳቱን ፈርታ በ1291 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመስታወት ምድጃዎቿን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረች፤ የደሴቲቱ ዶቃ አፍሪካን አዳረሰ። ቀጥሎ የቦሄሚያዋ ከተማ የያብሎኔትስ ዶቃ መጣ። ብሩስ? በየአያቱ አንገት ያለው የብር መስቀል ስንቱ ማርትሬዛ ቀልጦ የተሠራ ነው! በኋላ የተመታው ሁሉ ሳይቀር ስሟን የሰጠችው ንግሥት የሞተችበትን 1780ን ይዞ ነው የሚወጣው። «ጥንታዊ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ወረቀት አልተንጠለጠለም።

የልብ ዘመዶቼን ያገኘሁት ጋና ነው። የክሮቦ ሰዎች የተጣለ ጠርሙስ ወቅጠው ዱቄት ያደርጉታል፤ በነጭ አፈር በተለሰነ የሸክላ ቅርጽ ውስጥ፣ የተለያየ ቀለም ካሻቸውም በየተራ እየደራረቡ ይሞሉታል። መሃሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ይሰካሉ። ምድጃው ሲግል ዘንጉ ተቃጥሎ ይጠፋና ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ክር የሚገባው በዚያ ነው። እኔ ለዚያችው ቀዳዳ እሳት የማይበላው ወረቀት ከውጭ አገር አስመጣለሁ፤ ጉምሩክ ላይ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ሙያ ነው። እነሱ ከጓሮ ይቀጥፋሉ። ሴት ልጆቻቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሚደረገው የዲፖ ሥርዓት ዶቃውን ከወገብ እስከ አንገት ይደርቡታል። «ይሄ እኮ ትናንት ጠርሙስ ነበር» ብሎ የሚያንሾካሹክ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወረቀቱን በመጨረሻ ጻፍኩት፦ «ከወይን ጠጅ ጠርሙስና ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ። ውሃ አይንካው።» አንዷ ደንበኛ አነበበችና ሐብሉን መልሳ አስቀመጠችው፤ ከጎኔ ሄዳ ከንግሥተ ሳባ ዘመን የመጣውን ፕላስቲክ ገዛች። ሌላዋ ሳቀችና ሁለት ወሰደች። እማማም ለልጅ ልጃቸው አንድ አዘዙኝ፤ ጨርቁ ብቻ፣ «ያኛው» ይቅርባት ብለው።

ያልጠበቅኩት የቆራሌውን ነው። ባለፈው ማዳበሪያውን በር ላይ አስቀመጠና «እህቴ፣ የድሮው ዋጋ ቀርቷል» አለኝ።

«ምነው?»

«መገናኛ አንዷ አንገት ላይ አይቼዋለሁ። ስንት እንደገዛችውም ጠይቄያለሁ።»

«እሱ እኮ የድካሙ ዋጋ ነው። ጠርሙሱማ ጠርሙስ ነው።»

«እኔስ ፀሐይ ላይ ተሸክሜ የዞርኩት?»

ተከራከርን፤ ጨመርኩለት። ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ዞር አለና «ሰማያዊ ሳገኝ ግን» አለኝ፣ «ለብቻው እንነጋገራለን።»