ውሻ ይዞ መዞርም እንጀራ ነው!

ርዕሱን አይታችሁ «አሁንስ ይሄ ልጅ ጨርሶ ለየለት!» እንዳላችሁ ይገባኛል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን የሰፈሬ ሰው ሁሉ ስቋል። ስትጨርሱ ግን አንድ የምትይዙት ቁም ነገር አታጡም ብዬ እገምታለሁ።

የምኖረው ሸካ ዞን፣ ማሻ ከተማ ነው። ሠላሳ ዓመት ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ ትምህርቴ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ለጋዜጣ የሚጻፍ ጽሑፍ ስም እንጂ ዳቦ እንደማይሆን ደግሞ ጸሐፊ ወዳጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሌላ መላ መፈለግ ነበረብኝ።

መላው የታየኝ አዲስ አበባ ነው። ለጉዳይ ሄጄ ቦሌ አካባቢ ዘመድ ቤት ባረፍኩበት ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት የፈረንጅና የባለጸጋ ውሾችን በገመድ ይዘው አስፋልት ዳር የሚያንሸራሽሩ ወጣቶች አየሁ። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳናግረው በወር ተከፋይ መሆኑን፣ ከዘበኝነትም እንደሚሻለው አጫወተኝ። ውጭ አገርማ ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለቤቱ ቢሮ ሲውል ውሻውን የሚያናፍስለት ሰው ከፍሎ ይቀጥራል። እኔም ወደ ማሻ ስመለስ መኪናው ውስጥ ባለ ድርጅት ሆኜ ቁጭ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

አገር ቤት ደርሼ ሳስበው ነገሩ ሌላ ሆነ። እኛ ዘንድ ውሻን ማን ያንሸራሽረዋል? ራሱ ይንሸራሸራል! የገጠሩ ውሻ ደግሞ ባለ ሥራ ነው፤ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከዱር አሳማ የሚጠብቀው እሱ ነው። የሸካ ደን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑ ለዓለም ሀብት ነው፤ ደኑ ዳር ላረሰ ገበሬ ግን ያለ ውሻ እህል ጎተራ አይገባለትም። እንዲህ ያለውን ሰው «ውሻህን ላናፍስልህና ክፈለኝ» ብትሉት ጤናችሁን ይጠራጠራል።

የከተማው ውሻ ችግሩ ለየት ይላል። ነጋዴው ለመጋዘኑ፣ ሠራተኛው ለግቢው ብሎ ቡችላ ያመጣና በአጭር ሰንሰለት ያስረዋል። ዝናብ በማይሰለቸው ማሻ፣ እንስሳው ጭቃ ላይ ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል። እንዲህ የኖረ ውሻ ጠባዩ ይበላሻል፤ የተፈታ ዕለት ያገኘውን ይነክሳል። ባለቤቱ ለሥልጠና ወይም ለሐዘን ወጣ ካለ ደግሞ የሚያበላው የለም። እንግዲህ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነበር። ማንሸራሸር ብቻ ሳይሆን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማደሪያውን ማጽዳት፣ ወስዶ ማስከተብ። በሁለት ውሻ ጀመርኩ፣ ዛሬ ሰባት ደርሰውልኛል። ካፒታሌ ሁለት ጠንካራ ገመድ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማና ሳሙና ነበር፤ በቃ!

የከበደኝ ስሙ ነው። በእኛ አገር «ውሻ» ስድብ ነው፤ ጠያቂ ያጣ ሟች እንኳ «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» ይባልለታል። እናቴ «ልጄ፣ 12 ዓመት ሙሉ ያስተማርኩህ ውሻ እንድትጎትት ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የማፈቅራት ልጅ አባት ደግሞ «ለመሆኑ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቋት፣ እሷ ሆዬ «የእንስሳት ጤና ላይ ነው» ብላ መለሰችላቸው! ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። እኔው ራሴ ሄጄ «አባባ፣ የምሠራው የሰው ውሻ መንከባከብ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። እስከ ዛሬም ዝም እንዳሉ ናቸው።

ከሐፍረቱ የሚብሰው ግን አደጋው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው ሟች የአፍሪካና የእስያ ሰው ነው፣ በሽታውንም ለሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መከላከያው ያለው መሆኑ! ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከደንበኞቼ ጥሩ ከፋዩ አንድ ነጋዴ ነበሩ። ውሻቸውን ላስከትበው ስል «የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣ፣ ክትባት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የሚከፍሉኝ እኮ ላወጣው ነው» ብላቸውም አልሰሙኝም። ገመዱን መለስኩላቸው። የወሩ ግማሽ ገቢዬም አብሮ ተመለሰ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤቴን ትንሽ ልጅ ባለቤት የሌለው ውሻ እግሩ ላይ ነከሰው። ቤተሰቡ ተደናግጠው ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ሊሮጡ ሲሉ ደረስኩ። እየጮኸም ቢሆን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጠብኩት፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሕክምና። ክትባቱን ቀጠሮ ሳያጓድል ጨረሰ፣ ይኸው ዛሬ ደጃችን ላይ ኳስ ሲያንከባልል ይውላል። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ እኚያ ነጋዴ ውሻቸውን ራሳቸው አስይዘው አስከተቡት አሉ። ወደ እኔ አልተመለሱም። ይሁና፣ ውሻው ተከትቧል።

እንግዲህ ይህን ሥራ መሞከር ለምትፈልጉ ወጣቶች ምክሬ ይኸው።

አንደኛ፦ የክትባት ካርዱን ሳታዩ ውሻ አትረከቡ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይደገምለታል። ለእናንተም ሳትነከሱ የሚሰጥ ክትባት ስላለ ሐኪም አማክሩ።

ሁለተኛ፦ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድነውም። ቁጥር 2072 ግን ሊጠብቅ ተረክቦ የያዘውንም ሰው፣ የባለቤቱ ተቀጣሪ ካልሆነ በቀር፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሻው በእጃችሁ ሳለ ሰው ቢነክስ ዳፋው ለእናንተ ነው! ተቀጣሪ ናችሁ ወይስ በራሳችሁ የምትሠሩ? ይህ ከመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ይስፈር።

ሦስተኛ፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት ውሻ በላይ አትያዙ። በገበያ ቀንና ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት አትውጡ። ውሻ የሚፈራና መነካት የማይፈልግ ሰው ሲያጋጥማችሁ መንገድ የምትለቁት እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፦ የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ጥሬውን አታብሉ። ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለበት ውስጡ ያለው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሰውንም ይይዛል። ቀቅሉት፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

አምስተኛ፦ ሒሳብ በቅድሚያ! ጓደኛም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን።

ባለጸጋ አልሆንኩም፣ እንሆናለን ብዬም አልዋሻችሁም። የቤት ኪራዬን እከፍላለሁ፣ ለእናቴም ቡናና ስኳር አያልቅባትም። እሷም ኩርፊያውን ትታ፣ ማታ ስገባ «ዛሬስ ማንም አልተነከሰም?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ውሻ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ዛሬውኑ ካርዱን አውጡና መጨረሻ የተከተበበትን ቀን እዩት። ዓመት ካለፈው ወይም ካርድ የሚባል ነገር ከሌለው፣ ለነገ አትበሉ፣ ውሰዱት። ጊዜ የለንም የምትሉ የማሻ ሰዎች ካላችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ!