ገሉ የወደቀበት ቦታ

የግብጽን ታሪክ የተማርን የጎጃም ልጆች አንድ የምንፎክርባት ነገር አለችን። «ያ አፈር እኮ የኛ ነው!» እንላለን። ነገሩስ ውሸት አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር ሱሓንና ሙጋን የመሳሰሉ ወንዞች የቢቸናንና የሞጣን አገር እርሻ እያጠቡ ለዓባይ ያስረክባሉ። የናይል ሸለቆ ጥንታውያን መንደሮች የተሠሩበት የጭቃ ጡብ አብዛኛው ደለሉ ከኛው ደጋ የወረደ ነው።

ግን ወገኖቼ፣ አፈር መላክ ታሪክ መጻፍ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1889 እ.ኤ.አ. በፋዩም መግቢያ ካሁን በተባለ ቦታ ሲቆፍር ያገኘው የፒራሚድ ሠራተኞችን መንደር ነበር፤ ከነቤቱ፣ ከነባልጩት ጥርስ ማጭዱ፣ ከነልጆቹ መጫወቻ። የተራው ሰው ኑሮም ከመሬት ሥር ታሪክ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

በኛስ አገር? ከቢቸናና ከሞጣ ብዙ በማይርቀው መርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ እንዳሠሩት የሚነገርለት የድንጋይ ፍራሽ አለ። ሊቃውንት ጽፈውለታል። ድንጋይ ጠበቃ አያጣም። ቤቱን በእንጨትና በጭቃ ሠርቶ ያለፈው ገበሬ ግን ምን ይተውልናል?

አመድ! ምድጃ ዳር ወድቆ የከሰለ ዘር አይበሰብስም። አፈሩን ውኃ ውስጥ ሲበትኑት ብቅ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ዕድሜውም በራዲዮ ካርቦን ይለካል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጆአን ዶምብሮውስኪ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በበጌምድር፣ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከከተማው ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው) ቆፍራ ገብስና ሽምብራ አግኝታለች። ዕድሜያቸው ወደ 2500 ዓመት ይጠጋል። ሽምብራ! እናቴ ዛሬም የምትቆላው ሽምብራ። ይህን ሳነብ ከሐውልት ሁሉ ይልቅ ልቤን ነካው።

አባቴ ሲያርሱ ማረሻው አንዳንዴ ገል ያወጣል። አንሥተው ወደ ድንበሩ ይወረውሩታል።

«አባባ፣ ከየት ላይ እንዳወጡት ያስታውሳሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ገል ደግሞ ምን ቦታ አለው? አንዷ ሰብራው ይሆናል» አሉኝ።

ይችው «አንዷ» ናት እንቅልፍ የምትነሣኝ። መቼ ሰበረችው? አምና ነው ወይስ ከሺህ ዓመት በፊት? ምን ቀቅላበት ነበር? ገል ካረፈበት ሲነሣ ግማሽ ቃሉን ያጣል፤ የሚመሰክሩለት አብረውት የተቀበሩት አመድና ዘር ናቸውና። እነሱን ደግሞ ማረሻ ይገለብጣቸዋል፣ ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ያቺ ሴት ሁለተኛ ትሞታለች።

እንቆፍር ማለቴ አይደለም፤ ያልሠለጠነ እጅ ከጎርፍ አይሻልም። ግን ለዕረፍት አገር ቤት ስንወርድ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ገል የበዛበትን ማሳ፣ አመድማ አፈር የታየበትን ጉብታ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንደሆነ በደብተራችን እናስፍር። ገሉን ግን እዚያው እንተወው። አንድ ቀን ቆፋሪ ሲመጣ «የት ልጀምር?» ይላልና።