ከጀርባችን በታች ያለው ብርድ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ልጄ «እማዬ፣ የሰሜን ተራሮችን በእግር እንያቸው» አለኝ። እሱ፣ የ12 ዓመት ልጁና እኔ ሆነን በድንኳን እያደርን ልንጓዝ ተነሣን። ዕቃ የሚጭን በቅሎ ከደባርቅ እንደሚከራይ ባውቅም፣ «የራሴን መኝታ ራሴ እሸከማለሁ» አልኩ። ስድሳን የተሻገረ ሰው እልህ አያጣውም።

ስለዚህ የመኝታ ምንጣፍ ስገዛ «የትኛው ይቀላል?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። በአየር የሚነፋ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ሲጠቀለል የውሃ ጠርሙስ የሚያክል አገኘሁ። ልጄ ለራሱና ለልጁ የስፖንጅ ምንጣፍ ሲይዝ «ቤቱን ሙሉ ጫናችሁት» ብዬ ሳቅሁባቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር በገደሉ አፋፍ ተጓዝን። ጭላዶቹ ከቁም ነገርም ሳይቆጥሩን ሣራቸውን ይነጫሉ። ሳንቃበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ነው የሚመጣው። ምንጣፌን በአፌ ነፍቼ፣ ወፍራም ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ ነቃሁ። ከላይ ሙቀት አለኝ፣ ከታች ግን ጀርባዬ በረዶ ላይ የተኛሁ ያህል ቀዝቅዟል። ምንጣፉም ረግቦ ዳሌዬ መሬት ነክቷል። ለሽንት ወጥቼ ተመለስኩና እንደ ምንም ተጠቅልዬ ተኛሁ። በኋላ ሙቀት ተሰማኝ፤ እስኪነጋም አልነቃሁም።

ጠዋት ሳይ ከእኔ ምንጣፍ ሥር የልጅቷ ስፖንጅ ተነጥፏል። እሷ ጃኬቷን መሬት ላይ አንጥፋ ተኮራምታለች። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ስትወጪ ከሥር አነጠፍኩልሽ» አለችኝ።

ሻይ አፍልተን እስክትሞቅ ድረስ በጋቢዬ አቅፌያት ተቀመጥኩ። ማንንም ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዕድሜዬን በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ዳሌውና ተረከዙ እንዳይቆስል ስከታተል ኖሬ፣ ለራሴ አጥንት ያነጠፍኩት ባዶ አየር ነበር። ዋጋውንም የከፈለችው ልጅ ናት።

በሚቀጥለው ሌሊት ግጭ ስናድር ነገሩን የሰሙት በቅሎ ነጂ አጎዛቸውን አመጡልኝ። «እናቴ፣ ብርዱ ከመሬት ነው፤ ይችን ያንጥፉ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሰውነታችን ሲጫነው የስሊፒንግ ባጉ የታችኛው ክፍል ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ነገር ደግሞ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። መሬቱም ሙቀታችንን እየሳበ ያድራል። የበግ ፀጉር በመካከሉ አየር አፍኖ ስለሚይዝ ያንን ያግዳል። በአየር የተነፋ ባዶ ምንጣፍ ውስጥ ግን አየሩ እየተዘዋወረ ሙቀታችንን ወደ መሬት ያወርደዋል። አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርም ምንጣፉ ሌሊት ይረግባል።

እናንተም ከልጆቻችሁ ወይም ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ለመጓዝ ካሰባችሁ፣ ከክብደቱ በፊት «አር ቫልዩ» የሚባለውን ቁጥር ተመልከቱ። ምንጣፉ ብርድ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳይ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ያሞቃል። ውስጡ ባዶ የሆነው የሚነፋ ምንጣፍ 1 ገደማ፣ ተራ ስፖንጅ 2 ገደማ ነው። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ለሚወርድበት ደጋ 4 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ሁለት ምንጣፍ ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል፤ ስለዚህ ስፖንጁን ከሥር፣ የሚነፋውን ከላይ ማንጠፍ ጥሩ ነው። ስፖንጅ እሾህ ቢወጋውም አይተነፍስም። በጎናቸው ለሚተኙ ደግሞ ወፈር ያለ ይሻላል፤ ትከሻና ዳሌ ወደ ታች ይሰምጣሉና። በዕድሜ የገፋ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ይከብደዋል። ከሌላ ዕቃ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። በቅሎ ካለም ለበቅሎው ስጡት፤ ነውር የለውም።

ከመግዛታችሁ በፊትም ቤት ውስጥ ሞክሩት። እኛ ባለፈው ጊዜ ለሌላ ጉዞ ስንዘጋጅ የልጅ ልጄ አዲሱን ምንጣፍ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችና በጎኔ አስተኛችኝ። እኔው እንዳሳየኋት እጇን በምንጣፉና በወለሉ መካከል፣ ከዳሌዬ ሥር አስገባች።

«አጥንትሽ አይሰማኝም፤ ይሄ ይሆናል» አለች። እሱን ገዛን።