ሪሞቱ ከአውሮፕላኑ ይቀድማል

ከሳይንስ ዐውደ ርዕዩ ወዲህ በእረፍት ሰዓት መንገድ ላይ የምታስቆሙኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄያችሁ ደግሞ ሁልጊዜ ሦስት ነው። «ድሮን ነው እንዴ?» «ስንት ተገዛ?» «እኔ ብገዛስ የቱን ልግዛ?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ደወል ይደወላል። ስለዚህ ሚኒ ሚዲያችን ገጽ ሲሰጠኝ ለሁላችሁም በአንዴ ልመልስ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

መጀመሪያ ነገር ድሮን አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያያችሁት ሁለት ዘንግ ያለው ጥቁር ዕቃ የሬዲዮ ሪሞት ነው። ትክክለኛ ስሙ ትራንስሚተር ነው፤ አስተላላፊ ማለት ነው። የጣታችንን እንቅስቃሴ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ጀልባዋ ውስጥ የተቀመጠችው፣ ክብሪት የምታክለው ዕቃ ደግሞ ሪሲቨር ናት፤ የተላከውን ትቀበላለች። የዲሽ ሪሲቨር እንዳይመስላችሁ! የቤታችን የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሠራው በዓይን በማይታይ ብርሃን ስለሆነ ከፊቱ መጽሐፍ ብታቆሙ አይታዘዝም። ይኼኛው በሬዲዮ ስለሚሠራ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ነገሩ አዲስም አይደለም። ኒኮላ ቴስላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ታላቅ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። አራት ዓመቷ ነው። ለገና ፈቃድ አግኝታ ልትመጣ ስትል «ደረጃ ስለወጣህ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ሞባይል እንደምላት ነው የጠበቀችው። እኔ ግን «አውሮፕላን የሚያዝ ሪሞት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«ስማ ወንድሜ፣ እኔ ይቺን ገንዘብ የማገኛት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳሁ ነው። በሳምንቱ ተሰብሮ የሚጣል አሻንጉሊት ከሆነ አልገዛም። ብዙ ዓመት እንደሚያገለግል አስረዳኝና እገዛልሃለሁ። ደግሞ ከ200 ድርሃም አይበልጥም።»

እማዬ ከጎኔ ሆና ሰማች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጫማህ አፉን ከፍቶ አንተ አውሮፕላን ትላለህ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጫማዬ አፉን ከፍቶ ነበር። ስለዚህ እህቴን ማስረዳት ብቻ ሳይሆን እማዬንም ማሳመን ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። የአይ ሲ ቲ መምህራችን ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉን እየከፈቱልኝ አነበብኩ፤ ያነበብኩትንም በደብተሬ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ።

1 ዶላር 3.67 ድርሃም ስለሆነ 200 ድርሃም ወደ 54 ዶላር ነው። በዚህ አካባቢ ሦስት ምርጫ አገኘሁ።

አንደኛው በካርቶን ውስጥ ከነሪሞቱ የሚሸጥ አውሮፕላን ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ሁሉም ነገር አለው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሪሞቱ የሚያውቀው ያንን አውሮፕላን ብቻ መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ዛፍ ላይ ከተሰበረ ሪሞቱም አብሮ ሞተ ማለት ነው። እህቴ የፈራችውም ይኼንን ነው።

ሁለተኛው ፍላይስካይ ኤፍ ኤስ አይ 6 የሚባለው ሪሞት ነው። 50 ዶላር አካባቢ ነው። ስድስት ቻናል አለው፣ ሪሲቨሩ ከካርቶኑ ጋር ይመጣል፣ የሚሠራውም ከማንኛውም ሱቅ በሚገኝ አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ 20 የተለያዩ ዕቃዎችን በስማቸው ማስታወስ ይችላል። ዛሬ ጀልባ፣ ነገ መኪና፣ ከነገ ወዲያ አውሮፕላን።

ሦስተኛው ሬዲዮማስተር ፖኬት ነው። በ2023 የወጣ፣ ትንሽዬ፣ በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ ሶፍትዌሩም ከሁለተኛው በጣም የበለጠ ነው። ግን ዋጋው 60 ዶላር ያልፋል። ፓወር ባንክ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ሁለት ክብ ባትሪዎች ለብቻ ይገዙለታል፤ ሪሲቨርም ለብቻ። ብሩ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ 200 ድርሃም ግን ሦስት ጊዜ ኪስ መግባት ሆነብኝ።

ስለ ቻናል ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ኢቢሲና ፋና የመሰላችሁ አላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ቻናል ማለት አንድ የሚታዘዝ ነገር ነው። አውሮፕላን በደንብ ለመብረር አራት ይፈልጋል። አንዱ የሞተሩ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጅራት ክፍል፣ ኤሌቬተር ነው። ሦስተኛው አፍንጫውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞረው ቋሚ የጅራት ክፍል፣ ራደር ነው። አራተኛው ክንፉን የሚያጋድለው ኤሌሮን ነው። ጀልባ ግን ሁለት ይበቃታል፤ ሞተርና መሪ። ስለዚህ ስድስት ቻናል ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። «የኔ አሥራ ስድስት ቻናል ነው» ብሎ የሚያስጎመጃችሁ ሻጭ ካለ «አሥራ ስድስቱን ምን ላይ ልሰካው?» በሉት።

ሌላው ፍሪኩዌንሲ ነው። ሸገር ሬዲዮ 102.1 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነው ሲባል ሞገዱ በሰከንድ 102.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የዛሬ ሪሞቶች ብዙዎቹ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ናቸው፤ በሰከንድ 2,400 ሚሊዮን ጊዜ። ዋይፋይም ብሉቱዝም የሚጠቀሙት እዚያው አካባቢ ነው። ድሮ በአሜሪካ 72፣ በአውሮፓ 35 ሜጋ ኸርዝ ነበር። ያኔ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ አንዱ የሌላውን ያበላሽና አውሮፕላን ይወድቅ ነበር። አሁን ሪሲቨሩ ከራሱ ሪሞት ጋር ስለሚጣመር የሌላውን ትእዛዝ አይሰማም። ስለዚህ አሮጌና ረጅም አንቴና ያለው በርካሽ ቢያቀርቡላችሁ አትቸኩሉ።

በሁለተኛው ሳምንት እሁድ እህቴ ደወለች። ደብተሬን ከፍቼ አንድ በአንድ አነበብኩላት። «አውሮፕላኑ ቢሰበር ሪሞቱ ይቀራል። ጀልባና መኪናም ያዛል። የባትሪ ድንጋዩ ከኪዮስክ ይገኛል። ሪሲቨሩም አብሮት አለ» አልኳት። «እሺ፣ አውሮፕላኑስ?» አለች። «አውሮፕላን በሻንጣ እንዳታመጪ፤ ድሮንና የመሳሰለው ፈቃድ ይፈልጋል። እኛው ከፎም እንሠራዋለን» አልኳት። እማዬ ስልኩን ተቀበለችና «እስቲ ይሁንለት፤ ጫማውንም አትርሺ» አለቻት። እህቴ ስትመጣ ሪሞቱንም ጫማውንም ይዛ መጣች። በራሷ ምርቃት ሁለት ትንንሽ ሰርቮና አንድ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ጨምራበታለች። ሰርቮ ማለት ሪሲቨሩ ባዘዘው ልክ ክንዱን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። ይኼንን ክፍል እባካችሁ ዝለሉ እንዳትሉት።

መጀመሪያ ሪሞቱንና ሪሲቨሩን ማጣመር አለ። ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን አጭር መሰኪያ ሪሲቨሩ ላይ ሰክቶ ኃይል መስጠት፤ ከዚያ ሪሞቱ ላይ ባይንድ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ እንደያዙ ማብራት። አንዴ ከተጣመሩ በቃ።

ሲበራ ሁልጊዜ ሪሞቱ ይቀድማል፤ ሲጠፋ ሪሞቱ መጨረሻ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሞተሩ ያለ አዛዥ ይቀራል ማለት ነው። ይኼ ሪሞት ራሱ ጠንቃቃ ነው፤ ሲበራ የሞተሩ ዘንግ ታች ካልሆነና ማብሪያዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ካልሆኑ ይጮሃል እንጂ ሥራ አይጀምርም። በብዛት በሚሸጠው ዓይነት የሞተሩ ዘንግ የግራው ነው። እሱ ስፕሪንግ ስለሌለው ባቆማችሁበት ይቆያል።

ሞተር ስታስተካክሉ ፕሮፔለሩን አውልቁ። ጣት አይበቅልም።

ሪሞቱ ቢጠፋ ወይም ሞገዱ ቢቋረጥ ሞተሩ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ፌይልሴፍ ይባላል። ሞተሩ ዜሮ እንዲሆን አድርጉና ፈትኑት፤ ዕቃውን ያለ ፕሮፔለር ጠረጴዛ ላይ አስሮ ሪሞቱን ማጥፋት ነው። ሞተሩ ካልቆመ ወደ ሜዳ መውጣት የለም።

አንቴናውን ደግሞ እንደ ጦር ወደ አውሮፕላኑ አትቀስሩት። ሞገዱ በብዛት የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ነው፤ ከጫፉ የሚወጣው ትንሽ ነው። አጣጥፎ ወደ ጎን ማድረግ ይሻላል።

ከሜዳ በፊት ግን ኮምፒውተር አለ። ፒካሲም የሚባል ነፃ የበረራ ማለማመጃ አለ፤ የኛ ክፍል አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ሪሞቱ ከጀርባው ባለው ክብ ቀዳዳ በኩል በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛል፤ ገመዱ ለብቻው ነው የሚገዛው። እዚያ አውሮፕላን ብትጥሉ የሚከፈል ነገር የለም። ሁሉም ሰው የሚደናገርበት ቦታ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ነው። ያኔ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። አንድ ዘዴ አለች። ወደ እናንተ ሲመጣ ክንፉ ወደ ታች ወዳጋደለበት በኩል ዘንጉን ግፉት፤ ይቃናል። ይኼንን ጣታችሁ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ መለማመድ ነው።

የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ሐረር ሜዳ የአየር ኃይሉ ማረፊያ እዚሁ አጠገባችን ነው። እውነተኛ አብራሪዎች በሚበሩበት ሰማይ ሥር እኛ ፎም ይዘን መነሳት አንችልም፤ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ያለ ፈቃድ የሚሞከር ነገር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባ ሠራን። አካሏ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የነበረ ፎም ነው። ሞተሯ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና የወጣ ነው። ኃይል የሚሰጧት ቻርጅ የሚደረጉ ስድስት የባትሪ ድንጋዮች ናቸው። የሪሲቨሩን ቀጭን የአንቴና ሽቦ ከውኃው በላይ በስትሮው ውስጥ አቁመነዋል፤ ምክንያቱም 2.4 ጊጋ ኸርዝ ውኃ ውስጥ ወዲያው ይዋጣል። ሐይቆቻችን ጥልቅ ስለሆኑም ረጅም ሲባጎ አሰርንባት። ብትቆም ስበን እናወጣታለን እንጂ ማንም ውኃ ውስጥ አይገባም። ይኼ የሳይንስ መምህራችን ሕግ ነው።

እህቴ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት ሆራ ዳር ወሰድናት። ሪሞቱን ሰጠኋት። መጀመሪያ «ኧረ እሰብረዋለሁ» ብላ ፈራች። «የግራውን ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ፤ የቀኙ መሪ ነው» አልኳት። ጀልባዋ ዞረች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እህቴ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል «እዚያ ስታዘዝ ነው የምውለው። ዛሬ ይቺ ለኔ ታዘዘችልኝ» አለች። ማንም ምንም አልመለሰም። እንደገና አዞረቻት። የባትሪ ድንጋዩ እስኪደክም ድረስ ሪሞቱን አልተቀበልናትም።

አውሮፕላኑስ? እሱንም ሠርተናል። ቤተ ሙከራው ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ነጩ እሱ ነው። ሰርቮዎቹ ይታዘዛሉ፤ ጅራቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል። ግን አልበረረም። መምህራችን ከከተማው ራቅ ባለ ቦታ ለማብረር የፈቃድ ደብዳቤ ለሚመለከተው ክፍል ካስገቡ አራተኛ ወሩ ነው። መልስ እስኪመጣ እንጠብቃለን። እኔ ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሼ ከዚህ ትምህርት ቤት ስለምወጣ ሲበር ላላየው እችላለሁ። ይኼ ያሳዝነኛል፤ አልደብቃችሁም። ቢሆንም እናንተ ሰባተኛዎች እንድታዩት ነው ይኼንን ሁሉ የጻፍኩት።

ሪሞቱን ከእህቴ ጋር ተነጋግረን እስከ ሰኔ ለሳይንስ ክበቡ ትቼዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ክፍት ነው። ከ20ው ቦታ የተያዘው ሦስት ብቻ ነው፤ ጀልባዋ፣ አውሮፕላኑና የ7ኛ ሀ ልጆች የጀመሩት መኪና። አሥራ ሰባት ባዶ ስም አለ። ሠርታችሁ የመጣችሁትን ዕቃ በስሙ እናስገባዋለን። የባትሪ ድንጋይ ግን ይዛችሁ ኑ።

ቸር ያሰንብተን።

ከ8ኛ ለ፣ የሚኒ ሚዲያና የሳይንስ ክበብ አባል