ደባርቅ ላይ ያልተጠጣው ወተት

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ይህን መንገድ ከእናቴ ጋር በሚኒባስ ሄድኩት። የፋሲልን ግንብ ከኋላችን ትተን፣ ወለቃን አልፈን ወደ ኮሶዬ ዳገት ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ዝም ብላለች። ዝምታዋ የብርድ አልነበረም። የታላቅ ወንድሟን ቤት ከረገጠች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ምክንያቱን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ሆዷ ነው።

እናቴ ለዓመታት «ጨጓራዬ» ስትል ኖራለች። በልታ ትንሽ ከቆየች በኋላ ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ይጮኻል፤ ይቆርጣታል። ሰው መሃል መቀመጥ ታፍራለች። ሰርግ ቢጠሯት ትቀራለች፤ ለቅሶ ቤት በር በሩን ይዛ ትቀመጣለች። ወንድሟ ቤት ደግሞ እምቢ የማይባል ነገር አለ፤ አሁን የታለበ የላም ወተት።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጎንደር ለልጆቹ የገዛሁት የቺፕስ ላስቲክ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ታልፋለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የታሸገ አየርም ይሰፋል። ሆድ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ተራራ ሲወጡ ያስተዋሉትን ይህንኑ ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ለእናቴ ስነግራት ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንግዲያ ዛሬ ተሳፋሪው ሁሉ እንደኔ ነዋ!»

ከጉዞው በፊት ነገሩን የገለጠልን የአንድ ሐኪም ጥያቄ ነበር። የጨጓራና የሰገራ ምርመራው ደህና መሆኑን ካየ በኋላ «በሁዳዴ ሆድዎ እንዴት ነበር?» አላት። እናቴ አሰበች። በየዓመቱ 55ቱን ቀን ደህና ትከርማለች፤ በፋሲካ ማግስት ግን ሕመሙ ይመለሳል። እስካሁን የጾሙ በረከት ነው ስትል ነበር። ሐኪሙ ሌላውን ምግብ ሳትቀይር ለሁለት ሳምንት ወተት ብቻ እንድትተውና ከዚያ አንድ ብርጭቆ ጠጥታ እንድታየው ነገራት። ሁለት ሳምንቱ ሰላም ሆነ። ብርጭቆው ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛትም።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ትንሹ አንጀት ይህን ስኳር የሚፈጭበት ላክቴስ የተባለ ኢንዛይም አለው። ከልጅነት በኋላ ግን ከዓለም ሕዝብ በሦስት ሰዎች መካከል በሁለቱ ገደማ ይህ ኢንዛይም ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። የሚያሳፍርም የሚያስደነግጥም ነገር የለውም።

ደባርቅ ደረስን። ገና አረፍ ሳንል የአጎቴ ባለቤት ወተቱን በትልቅ ዋንጫ ይዛ መጣች። «አፈር ስሆን እቴቴ፣ ይጠጡ!» እናቴ ዋንጫውን ተቀብላ ያዘችው። አጎቴ አያት። «ዘንድሮም ወተታችንን ልትንቂ ነው? የአዲስ አበባ ሰው ሆንሽ አይደል?»

በቀልድ ያለው ይመስላል፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም። ሰባት ዓመት ሙሉ የቀረችው ንቃን ነው ብሎ ይዞት ኖሯል።

እናቴ ዋንጫውን አስቀመጠች። «ወንድም ጋሼ፣ ንቄ አይደለም። ወተት ሆዴን ይነፋዋል። አፍሬ ነው የቀረሁት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ምድጃውን ሲያይ ቆየና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም እኮ ከጠጣሁ ሌሊቱን ሆዴ ሲጮኽ ያድራል። የደባርቅ ብርድ ነው ስል ኖርኩ» አለ። ባለቤቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እኔ አላውቀውምና!»

በማግስቱ ከዚያው ከላሟ ወተት የተሠራ አይብ ቀረበ። አይብ ሲወጣ አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ይበሉታል። ቅቤ ውስጥ ያለው ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ብዙ ሰው ጥቂት ወተት ከምግብ ጋር ቢጠጣም ይችለዋል። እናቴ አይቡን በጎመን በላች፤ ደህናም ዋለች።

ተራው የኔ ሆነ። የባቄላውን ንፍሮ ስዘግን አምሽቼ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ባቄላ፣ ሽንብራና አተር የያዙትን አንዳንድ ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም ማንም ሰው የለውም፤ ስለዚህ ሁላችንንም ይነፋናል። የአጎቴ ባለቤት መድኃኒቱን ታውቃለች፤ ማታ መዘፍዘፍ፣ ውኃውን መድፋት፣ በአዲስ ውኃ በደንብ ማብሰል። «ትናንት ቸኩዬ ነው» አለችና ትኩስ የጦስኝ ሻይ ቀዳችልኝ።

ልጆችና የልጅ ልጆች ያሏችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጅ ሆድ ተነፋ ተብሎ ወተት በግምት አይከለከልም፤ የጡት ወተትማ በፍጹም። ጃርዲያም ሆድ ይነፋል፤ ከታከመ በኋላም አንጀት እስኪያገግም ለጥቂት ሳምንታት ወተት ላይስማማ ይችላል። ስንዴና ገብስ አልተስማማኝም የሚል ሰውም ከመተዉ በፊት ይመርመር፤ ቀድሞ ከተወ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በደጋው ግን እንጀራው ብዙ ጊዜ ገብስ ስለሚቀላቀልበት መጠየቅ ነው። ክብደት የቀነሰ፣ ሰገራው ደም ያለው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ሕመሙ አዲስ የጀመረው ሰው ግን ምግብ እየቀያየረ አይቆይ፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ስንመለስ አጎቴ እስከ መነኻሪያው ሸኘን። እናቴ ጭን ላይ በኮባ የተጠቀለለ አይብ አስቀመጠና «ለፋሲካ ትመጫለሽ» አላት። ጥያቄ አልነበረም። እሷም ምክንያት አልፈለገችም።