የአባታችን ጠበቆች

ዛሬ የምናካፍላችሁ ከአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርታችን የተማርነውን ነው።

ሁለት ወንድማማቾች ነን። ያደግነው በቡሬ ዙሪያ ገጠር፣ በቆሎና በርበሬ ከሚያመርት ገበሬ ቤት ነው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የተማርነው ግን ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተን ነበር። ስንቃችን፣ ድርቆሹም በሶውም ሽሮውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ይመጣልናል።

ወደዚያ ከመምጣታችን በፊት ጌታን ተቀብለን ማተባችንን ፈትተን ነበር። አባታችን ባዶ አንገታችንን ያየ ዕለት አልተቆጣም። ጋቢውን ደርቦ ወደ በረቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስንቁ ይመጣል፤ የአባታችን ቃል ግን አይመጣም። እኛም ወደ ቤት መሄዱን ተውነው። ስለ እምነታችን የተሰደድን መስሎን እርስ በርሳችን እንጽናና ነበር።

በአገራችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ተማሪው ልብ ወለድና ግጥም የሚያገኘው ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በቁንጽል ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ደግሞ ከታሪኩ ይልቅ የምርጫ ጥያቄው ያስጨንቀዋል። መምህራችን ግን ጠርዙ የተበላ አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት»። በሳምንት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል፤ እኛ ዲክሽነሪ እናገላብጣለን።

ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኦኮንኮ ብርቱ ገበሬ ነው። የበኩር ልጁ ንዎዬ ሚስዮናውያኑን ተከትሎ ሲሄድ አባት አንገቱን አንቆ ይይዘዋል። ልጁም ከቤት ይወጣል። ንዎዬን ስንሰማ ራሳችንን የሰማን ያህል ደስ አለን። መምህራችን ክፍሉን ችሎት አድርጎ ሲከፋፍል እጃችንን አወጣን፤ ለንዎዬ ልንከራከር። እሱ ግን ፈገግ አለና፣ «እናንተ የኦኮንኮ ጠበቆች ናችሁ» አለን።

አኮረፍን። ግን ነጥብ አለውና መጽሐፉን ተውሰን በኩራዝ አነበብን። ኦኮንኮ ከአባቱ አንድም ነገር አልወረሰም። የያም ዘር ከባለጸጋ ለምኖ፣ ምርቱን ሊያካፍል ተስማምቶ ነው የጀመረው። በዚያው ዓመት ድርቁ አስቀድሞ የዘራውን የራሱን ዘር ፈጀው። ያ ሁሉ ጭካኔው እንደ አባቱ ሆኖ እንዳይቀር ከመፍራት የመጣ ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ ብቻውን እሳት ዳር ተቀምጦ ሲተክዝ የሚታይበት ቦታ ላይ ስንደርስ ኩራዙን ሳናጠፋ ዝም አልን። የኛ አባት አንገታችንን አልያዘም። አየው ብቻ። ያን ዕለት በረቱ አጠገብ ምን ያስብ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተከራከርን። አሸነፍንም አልልም። መምህራችን ሲደመድም አቼቤ ራሱ የወንጌል አገልጋይ ልጅ መሆኑን ነገረን። የአገልጋይ ልጅ ሆኖ፣ ወደ ኋላ የቀረውን አባት ጊዜ ወስዶ ሰማው።

ቅዳሜ ወደ ቡሬ በሚሄድ መኪና ተሳፈርን። መንገዱ በማንኩሳ በኩል ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ማንኩሳ። እዚያም ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህ አለ። የአቼቤ መጽሐፍ በ1958 በፈረንጆች፣ የሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 በእኛ አቆጣጠር ወጡ። የወላጅና የልጅ ነገር በሁለቱም አለ።

ቤት ስንደርስ እናታችን፣ «በሶውን ወፍጮ ቤት የሚወስደው እኮ እሱ ነው። እኔን እግሬን ካመመኝ ቆየ» አለችን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቁን የእሷ ብቻ አድርገን ነበር የምንቆጥረው።

ማታ እሳት ዳር የኦኮንኮን ታሪክ በአማርኛ ለአባታችን አወራነው። ስለ ያሙና ስለ ድርቁ ብዙ ጠየቀን። በመጨረሻ፣ «ልጁስ ተመልሶ አባቱን ጠየቀው?» አለ።

«አልጠየቀውም» አልነው።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንጨቱን ወደ እሳቱ እየገፋ፣ «የሚመጣው ቅዳሜስ ትመጣላችሁ?» አለን።

የማተቡ ነገር ዛሬም አልተፈታም። እሱ በእምነቱ አለ፤ እኛም በእምነታችን። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ እኛ ግን ከተማው ውስጥ እየኖርን መንገዱን ረስተነው ነበር። አባትና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝ እምነታቸው ከእምነታችን ጋር አንድ ከሆነ ብቻ የሚል ቃል የለውም።

ወገኖች ሆይ፣ ለአባታችሁ የምትመሰክሩለት ብዙ ነገር ይኖራችሁ ይሆናል። እሱ ስለ ራሱ እንዲነግራችሁስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?