ከአምቦ እስከ ባኮ፦ የበቆሎ ዘርና ሻጋታ

ከአዲስ አበባ በወለጋ መንገድ ተጓዝን። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አለፍን። በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ አየን። አምቦ ገብተን ውሃዋን ጠጣን፤ አደርን። በማግሥቱ ጉደርንና ጌዶን አልፈን ወደ ባኮ ወረድን። አየሩ እየሞቀ ሄደ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ባኮ ግን 1,650 ሜትር ያህል ነው። እዚያ ዋናው እህል በቆሎ ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር። ባልታሰበ ጊዜ ዝናብ ጥሏል። በመንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት «ግቡ ልጆቼ» ተባልን። እናትየዋ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ከራሶቹ አንዳንዶቹ ነጭና ሮዝ ሻጋታ ይዘዋል።

«አዴ፣ ይኼን ምን ያደርጉታል?» አልናቸው።

«አይጣልም። ለጠላ ይሆናል። ደህና የሚመስለውን ለዘር አስቀምጣለሁ» አሉን።

ዝም አልን። የእኛም እናቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እህል መጣል ያሳዝናል። ነገር ግን ዝም ማለት አልቻልንምና የተማርነውን ነገርናቸው።

ሻጋታ ፈንገስ ከሚባል ነገር ይመጣል። ዘሩ በዓይን አይታይም፤ በነፋስ ይሄዳል። በበቆሎው ጢም በኩል ይገባል። አገዳ ቆርቁር ትል በበሳው ቀዳዳም ይገባል። ከዚያ ፍሬው ውስጥ ይደበቃል። ፍሬው ሲዘራ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ወይም ቡቃያው ደካማ ይሆናል።

አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው። መርዙ ሲቀቀል፣ ሲጋገር ወይም ጠላ ሲሆን አይጠፋም። በጎረቤታችን በኬንያ በ1996 ዓ.ም. ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመሙ። ከእነርሱም 125 ሞቱ።

እናትየዋ ይኼን ሲሰሙ እጃቸውን ከበቆሎው ላይ አነሱ። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉን።

እንዲህ ይደረግ፦

1. በቆሎው እንደደረሰ ይሰብሰብ። ዝናብ እየመታው ማሳ ላይ አይቆይ።

2. በባዶ መሬት ላይ አይሰጣ። በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይድረቅ።

3. መድረቁ በጨው ይፈተን። ደረቅ ጨውና በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ ከትቶ መነቅነቅ ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና አልደረቀም።

4. የሻገተው፣ የተበሳውና የተሰበረው ይለቀም። ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

5. ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ይፈተን። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ማየት። በ7ኛው ቀን የበቀለው ይቆጠር። ከ85 ካነሰ ሌላ ዘር ይፈለግ።

6. በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ በቆሎ ብቻ አይዘራ። በባቄላ፣ በኑግ ወይም በጤፍ ይቀየር። የታመመው አገዳ ከማሳው ይውጣ።

ባኮ አጠገብ የበቆሎ ምርምር ማዕከል አለ። ቢ ኤች 660 እና ቢ ኤች 661 የሚባሉት ድቅል ዘሮች ከዚያ ወጥተዋል። አምቦም ለደጋ የሚሆን በቆሎ የሚያወጣ የምርምር ማዕከል አላት። ድቅል ዘር ግን በየዓመቱ አዲስ መገዛት አለበት። ከምርቱ ተወስዶ ቢዘራ ምርት ይቀንሳል።

የሚገዛው ዘር ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ ዘሩ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት መታሸቱን ያሳያል። መድኃኒቱ መርዝ ነው። ዘሩ ታጥቦም አይበላም። በከረጢቱ ውስጥ ምግብ አይቀመጥ።

ከመሄዳችን በፊት እናትየዋ ከጓዳ አንድ የዘር ከረጢት አወጡ። ፊደል ከቆጠሩ ገና ወራቸው ነው። ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ፦ «ለ-ም-ግ-ብ አ-ይ-ው-ል-ም»።

ከዚያ ቀና ብለው አዩን። «ይኼን ከረጢት ዱቄት ላደርግበት ነበር ያጠብኩት» አሉን።

አንባቢያችን ሆይ፣ በእርስዎስ ጓዳ ያለው ከረጢት ምን ይላል? ዛሬውኑ ያንብቡት።